“አምጣ” ለምትል ሚስት፦ አስቂኝ የፍቅር ዘፈን በጎንደር ወግ እንዴት ይገጠማል

ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ ሲዘጋጅ፣ «ለዕለቱ ስለ ሚስቴ የሚያስቅ ግጥም ግጠምልኝ፤ እርጉዝ ሳለች አምጣ አምጣ እያለች አንከራታኝ ነበር» አለኝ። ደስ ብሎኝ ገጠምኩ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሷ ግን ሕፃኑን እንዳቀፈች ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ እንግዳው ተሸኝቶ እስኪያልቅም አልወጣችም። ግጥሜ አበላሏንና ንዝነዛዋን እየቆጠረ የሚያሳጣ ነበር። ዘጠኝ ወር ለተሸከመችው ሸክም አንድም ስንኝ አልደረሰውም። ያን ቀን ምን እንደጎደለኝ ለማወቅ ብዙ ሰርግና ክርስትና ቤት ከአዝማሪ ሥር ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ከዚህ በታች የጻፍኩት ከዚያ ያገኘሁትን ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ስለ ጠያቂ ሚስት ወይም ስለ ጠያቂ ፍቅረኛ በሚዘፈን ዘፈን ውስጥ የሚሳቀው በጠያቂዋ አይደለም፤ ያን ሁሉ ለማምጣት አገር ላገር በሚዞረው ሰውዬ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ከእሷ የተበደረውን ክብር ከነወለዱ መልሶ ይከፍላል። ግጥሙ፣ ዜማውም ሆነ ማሲንቆው ለዚህ ነው የሚያገለግሉት።

በመመሪያው ውስጥ አንድ ዘፈን ከአዝማቹ እስከ መዝጊያው አብረን እንገጥማለን። ስንኞቹን እንዳሉ ውሰዷቸው፣ ወይም አፍርሳችሁ በራሳችሁ አገርና በራሳችሁ ሰው ሥሯቸው።

መጀመሪያ ቀኑን ለዩ

ይህ ዓይነቱ ዘፈን ከሁሉ የሚያምረው ክርስትና ቤት ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ እናቲቱ አምራ ከሰው መሐል ትቀመጣለች፤ የእርግዝናው አምሮት ገና ከአፍ አልወጣም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ባልየው በሌሊት ምን ፍለጋ እንደወጣ ያውቃል። የምንገጥመው ዘፈን ለዚህ ቀን ነው።

ለሰርግ ከሆነ ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ነው፤ ጥያቄውም ከአምሮት ወደ ጥሎሽ ይዞራል። ለጥምቀት ለራሱ ከሆነ ደግሞ ጥር 11 ቀን በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ሎሚ የሚወረውረው ጎረምሳ ቀሚስ እንደሚጠየቅ የታወቀ ነው፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው በከንቱ አይደለም። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ግን ግጥሙን ጻፉ፣ አርሙ፣ በቃል አጥኑ፤ ዘፈኑን ለፋሲካ አቆዩት።

ጥያቄዎቹን ከሰው አፍ ልቀሙ

ወረቀት ላይ ተቀምጦ የሚፈለሰፍ ጥያቄ አያስቅም። እናቶችን ጠይቁ። «እትዬ፣ ይህን ልጅ ሲያረግዙ ምን አማረዎት?» ብትሏቸው አፈር ያማራት፣ የተቃጠለ ቆሎ ያማራት፣ የጎረቤት ሽሮ ሸቷት እንቅልፍ ያጣች ታገኛላችሁ። ቅዳሜ ገበያ ውላችሁ ባልና ሚስት ሲገበያዩ ስሙ። ሚስት የምትለው አንድ ቃል፣ ባል የሚመልሰው አንድ ትንፋሽ ለስንኝ ይበቃል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አገር ፈልጉለት። ጎንደር በዚህ የታደለች ናት፤ በዙሪያዋ ያለ አገር ሁሉ የሚታወቅበት ነገር አለው። ለዓሣ ጎርጎራ ጣና ዳር ይወረዳል። ለሸክላ ወለቃ አጠገብ ናት። ለሰሊጥ ሑመራ፣ ለሩዝ ፎገራ አለ። ለሙክት ወደ ደባርቅ ሽቅብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። አድማጩ መንገዱን በእግሩም በመኪናም ስለሚያውቀው «ጎርጎራ ወረድኩኝ» ስትሉ ድካሙን አብሯችሁ ይደክማል። «ሩቅ አገር ሄድኩኝ» ብትሉ ግን ማንም አይደክምም።

ለገጣሚ የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። ጎርጎራ፣ አዘዞ፣ ወለቃ፣ ሑመራ፣ መተማ፣ በለሳ፣ ወገራ፣ ፎገራ ሁሉም ሦስት ሦስት ቀለም ናቸው። የአንድ ሐረግ እኩሌታ በአገሩ ስም ይሞላል ማለት ነው። ምክንያቱን አሁን እናየዋለን።

ዋጋ ግን ስንኝ ውስጥ አታስገቡ። የዘንድሮ ዋጋ ለከርሞ ያረጃል፤ ዘፈኑንም ይዞት ያረጃል።

መለኪያው፦ ስድስት በስድስት

በአማርኛ ግጥም ከሁሉ የተለመደው ልክ የወል ቤት ይባላል። አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ነው። ቀለም ማለት ፊደል አይደለም፤ አፍ አንድ ጊዜ ከፍቶ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ድምፅ አልባ የሆነ ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተጣብቆ ይወጣል እንጂ ለብቻው አይቆጠርም። ለዚህ ነው «ደባርቅ» በጽሑፍ አራት ፊደል ሆኖ ሳለ በአፍ ሁለት ቀለም የሚሆነው፦ ደ፡ ባርቅ።

የመጀመሪያውን ስንኛችንን እንቁጠር።

ዓሣ አምጣ ብላኝ ጎርጎራ ወረድኩኝ፣
እሷ በላችና እሾሁን ታቀፍኩኝ።

ዓ፡ ሣ፡ አም፡ ጣ፡ ብ፡ ላኝ፤ ስድስት። ጎር፡ ጎ፡ ራ፡ ወ፡ ረድ፡ ኩኝ፤ ስድስት። እ፡ ሷ፡ በ፡ ላ፡ ች፡ ና፤ ስድስት፤ እ፡ ሾ፡ ሁን፡ ታ፡ ቀፍ፡ ኩኝም እንዲሁ። ጣታችሁን ጉልበታችሁ ላይ እየመታችሁ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። በዓይን የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል፤ ጣት ግን አይሳሳትም።

አንድ የሚያስቸግር ቦታ አለ። አንዱ ቃል በ«አ» ድምፅ አልቆ ቀጣዩ በ«አ» ሲጀምር አፍ ሁለቱን ሊያዋህዳቸው ይችላል። «ዓሣ አምጣ» ውስጥ ካዋሃዳችሁት «ዓሣምጣ» ሆኖ አንድ ቀለም ይጎድላል፤ ስለዚህ ለያይታችሁ ዝፈኑት። «ጀበና አምጣ ብላኝ» ካላችሁ ግን ተለያይቶ ሰባት ይሆናል፤ እዚህ «ጀበናምጣ ብላኝ» ብላችሁ ማዋሃድ ነው ያለባችሁ። ጥሩ ዘፋኝ ይህን ሳያስበው ያደርገዋል። እናንተ ግጥሙን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ ግን የት እንደሚለያይና የት እንደሚዋሃድ አንድ ጊዜ ዘፍናችሁ አሰሙት።

ቤት መምታትን በተመለከተ፣ የመጨረሻው ፊደል ቢገጥም ቤት መታ ይባላል። ለሚያስቅ ግጥም ግን ያ ብቻ ያንሳል። ወደ ኋላ ሄዶ ሁለት ሦስት ፊደል ሲገጥም ጆሮ ይደሰታል፤ «ወረድኩኝ» ካለ በኋላ «ታቀፍኩኝ» ሲመጣ ሳቁ ቦታውን ያገኛል። ሌላው ምሥጢር፣ የሚያስቀው ቃል የስንኙ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። «እሾሁን ታቀፍኩኝ፣ እሷ በላችና» ብትሉ ቀልዱ መሐል መንገድ ላይ ፈሰሰ።

አዝማቹ

አዝማች ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራ፣ ከሁሉም የቀለለ መሆን አለበት፤ ተቀባዩ ሕዝብ በአንድ መስማት ካልያዘው አዝማች አይደለም። የዘፈኑን ሁለት ፊት፣ ፍቅሩንና ድካሙን፣ አንድ ላይ የያዘ ቃል ፈልጉ። አማርኛ ይህን ቃል አዘጋጅቶ ይጠብቀናል፦ ውድ። የተወደደም፣ ዋጋው የናረም ነው።

ውዴ ነሽ ለልቤ ውድ ነሽ ግን ለኪሴ፣
ልሙትልሽ እንጂ ምን አለኝ ለራሴ።

ዘፋኙ «ውዴ ነሽ» ሲል ተቀባዩ «ውድ ነሽ» ብሎ ይመልሳል። በቃ። ሕፃናት ሳይቀሩ ይቀበሉታል።

ጥያቄውን ሽቅብ ውሰዱት

ጥያቄ ሁሉ እኩል ከሆነ ሦስተኛው ላይ ሰው ወሬ ይጀምራል። መጀመሪያ ሊሆን የሚችል፣ ቀጥሎ የሚያደክም፣ መጨረሻ ላይ የማይሆን ነገር ይጠየቅ። መንገዱም ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ውርጭ ይውጣ። የኛ ሰውዬ ከዓሣው በኋላ እንዲህ ይላል፦

ሙክት አምጣ ብላኝ ደባርቅ ድረስ ሄጄ፣
ጾም ገባ አለችኝ ስገባ ከደጄ።

«ገባ» ሁለት ጊዜ መምጣቷን ልብ በሉ። ጾሙም ገባ፣ ሰውዬውም ገባ። ይህ ትልቅ ቅኔ አይደለም፤ ግን አድማጩ ሳያውቀው ከንፈሩን ያንቀሳቅሰዋል። እሷም አላጠፋችም፤ የቀን መቁጠሪያውን እሷ አልሠራችውም። ከበግ ጋር በር ላይ የቆመው ሰውዬ ነው የሚያሳዝነውም የሚያስቀውም።

ቀጥሎ የማይሆነው፦

በረዶም አማራት ዳሽን አናት ወጣሁ፣
ኪሴ ውስጥ ቀለጠ ውሃ ይዤ መጣሁ።

ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ እዚያ የወጣ ሰው በረዶ በኪሱ ይዞ ለመመለስ ሲነሣ ማንም ፍቅሩን አይጠራጠርም። ቅድም ያልኩት እዚህ ላይ ይታያል፦ ጥያቄው ትልቅ በሆነ ቁጥር የባልየው ፍቅር ነው የሚያድገው፣ የሚስትየው ጥፋት አይደለም። ስንኝ በጻፋችሁ ቁጥር ይህን መርምሩ። ጥፋቱ ወደ እሷ ካጋደለ ስንኙን ጣሉት፣ ምንም ያህል ቢያስቅ።

«አማራት» የምትለዋን ቃል እዚህ ያስገባሁት አስቤ ነው። አምሮት የእርጉዝ ነገር ስለሆነ፣ ንቁ የሆነች እናት እዚህ ላይ ቀና ትላለች። ገና አልተነገረም፤ ግን ፍንጩ ተቀመጠ።

ሦስት አምጣ ይበቃል። አራተኛው ሲመጣ ዘፈን መሆኑ ቀርቶ የዕቃ ዝርዝር ይሆናል።

ሰምና ወርቁን መቅበር

ከዚህ በላይ ያሉት ስንኞች ላይ ላዩን ያስቃሉ። የጎንደር አድማጭ ግን ከሥር ያለውንም ይፈልጋል፤ አገሩ የቅኔ አገር ነው፣ ከከተማው ውጭ እንደ ቡርቧክስ ያለ የአዝማሪዎች መንደርም አለው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ኅብረ ቃል ያስፈልገናል። አንድ ድምፅ፣ ሁለት ፍቺ።

ኅብረ ቃል የሚፈለገው ከርዕሱ ዙሪያ ነው። የምንዘፍነው ስለ መጠየቅ፣ ስለ መግዛት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ማምጣት ነው። እነዚህን ቃላት በየተራ አንሥቶ «ሌላ ምን ማለት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ብር። ገንዘቡም ብር ነው፤ ወፍ ስትነሣም ብር ትላለች።

የኔ ውድ ወፍ ናት ወይ ማደሪያዋ ዱር፣
ጤፍ የተሸጠ ለት ትላለች ብር ብር ብር።

ሰሙ ወፏ ናት፣ ወርቁ ገንዘቡ። ወፏ ቀድማ የገባችው አድማጩ ክንፉን እንዲያይ ነው፤ ጤፉ የተሸጠ ለት ሲባል ነው ኪሱን የሚዳብሰው። ሰሙ ሁልጊዜ ቀድሞ፣ በደንብ ተብራርቶ ይቀመጥ። ሰሙ ያልቆመለት ወርቅ ሜዳ ላይ የተሰጣ ነው፤ ፈልቅቆ የማውጣት ደስታ የለውም።

ገዛ። ሸመተ ማለት ነው፤ ነገሠም ማለት ነው። «ተገዛ» ደግሞ ታዘዘ፣ አደረም ይሆናል።

ሻሽና ቀሚሱን ስገዛ ስገዛ፣
እኔው ሆኜ ቀረሁ ለሷ የምገዛ።

ይህ ስንኝ የኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን የማይጽፍ በመሆኑ የተገኘ ሀብት ነው። «የምገዛ» ላልቶ ሲነበብ ዕቃ የምሸምት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ለእሷ የምታዘዝ፣ ያደርኩ ሰው ነኝ። በወረቀት ላይ ሁለቱም አሉ፤ በአፍ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እንዲህ አድርጉት፦ አዝማሪ ስንኙን ሁለት ጊዜ መዝፈኑ ስለማይቀር በመጀመሪያው ዙር አላልታችሁ፣ በሁለተኛው አጥብቃችሁ ዝፈኑት። የመጀመሪያው ላይ ሰው ዝም ይላል፤ ሁለተኛው ላይ አንዱ ጥግ «ኧረ ወርቁን ስሙ!» ማለቱ አይቀርም። በትክክል ሲሠራ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ በግጥም ዓለም አላውቅም።

ለሰርግ የምትዘፍኑ ከሆነ ጥሎሽ የምትለዋ ቃል አለችላችሁ። ሙሽራው የሚያመጣው ስጦታም ጥሎሽ ነው፤ አንድ ሰው ሴትን ትቶ ሲሄድም «ጥሎሽ ሄደ» ትባላለች።

ጥሎሽ ይዞ መጥቶ ያ ባለመኪናው፣
ጥሎሽ ሄዶ የለ እኔ ነኝ የቀረው።

ይህ ለቀድሞ ፈላጊ የተተኮሰ ስለሆነ፣ ያ ሰው በአካል ሰርጉ ላይ ካለ አውጡት። ለክርስትናውም አይሆንም፤ ከዘፈናችን ውጭ ይቆይ።

መዞሪያው ስንኝ

እስካሁን ቤቱን ሁሉ «አምጣ» በሚለው ቃል አለማመድነው። ሁለት ጊዜ በስንኝ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በአድማጩ ሐሳብ ውስጥ ተብሏል። አሁን የአድማጩ ጆሮ «አምጣ» በሰማ ቁጥር ትእዛዝ ነው የሚጠብቀው። እዚህ ላይ ነው ቃሉን የምንገለብጠው። አማጠች፣ አምጣ ወለደች። ድምፁ አንድ ነው።

አምጣ አምጣ አድራ ሌሊቱን በሙሉ፣
ልጅ አስታቀፈችኝ ሴቶች እልል በሉ።

አድማጩ በመጀመሪያው ሐረግ «ደግሞ ዛሬ ሌሊት ምን አምጣ አለች?» ይላል። «ልጅ አስታቀፈችኝ» ሲሰማ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን አምጣ እንደ ምጥ ይሰማዋል። ያን ሁሉ መንገድ የተንከራተተው ሰውዬ ድካም ከአንድ ሌሊት ምጥ ጋር በአንድ ቃል ተመዘነ፤ የቱ እንደከበደ መናገር አያስፈልግም።

ሌላም ክር አለ። መጀመሪያ ላይ ሰውዬው እሾህ ታቀፈ። መጨረሻ ላይ ልጅ ታቀፈ። ይህችን «ታቀፈ» አድማጩ ላያስተውላት ይችላል፤ ጆሮው ግን ያስተውላታል። ስለዚህ የዓሣውን ስንኝ ብትቀይሩ እንኳ ሰውዬው አንድ የማይረባ ነገር ታቅፎ የሚቀርበትን ስንኝ ከመጀመሪያዎቹ አታጥፉ።

«ወንድ ልጅ» ያላልኩትም ሆን ብዬ ነው። ሴት ልጅ የተወለደችበት ቤት ስንኙ ሳይቀየር ይዘፈናል፤ ደስታውም እኩል ነው።

መዞሪያውን ከሁሉ በፊት የሚጽፉ ገጣሚዎች አሉ። እኔም አሁን የማደርገው እንደዚያ ነው፦ መጨረሻውን ጽፌ፣ ከዚያ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ እፈልጋለሁ። ለጀማሪ ይህ ብዙ ወረቀት ያተርፍለታል።

ዜማውና ማሲንቆው

አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ለዚህ ዘፈን ሙሉ ትዝታ እመርጣለሁ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሚውና ላው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያሉበት ትዝታ የናፍቆት ነው፤ በእሱ ስለ ዓሣ እሾህ ብትዘፍኑ ሰው እውነት ያዝንላችኋል። ምቱ ለእስክስታ የሚመቸው ባለ ስድስት ምት ችክችካ ይሁን፤ ትከሻ ካልተንቀሳቀሰ የጎንደር ቤት አልሞቀም።

ዜማው ጠባብ ይሁን። ከፍታና ዝቅታ የበዛበት ዜማ ቃል ይውጣል፤ የኛ ዘፈን ደግሞ ሀብቱ ቃሉ ነው። የመጀመሪያው ሐረግ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ጥያቄ ይንጠልጠል፣ የሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ወደ ዶ ይውረድ። ሳቁ የሚመጣው ድምፁ ሲያርፍ ነው።

ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ ክሩም የደጋኑም ፀጉር የፈረስ ጭራ ነው። አንድ ክር ስለሆነም ከዘፋኙ ጋር አብሮ ይናገራል እንጂ አይሸፍነውም። ባለማሲንቆውን ሁለት ነገር ለምኑት። ስንኝ ሲዘፈን ዝቅ ይበል፤ ስንኝ ሲያልቅ ከፍ ብሎ አንድ ሁለት ዙር ይምታ። ያቺ መሐል ሰው የሚስቅባት፣ ዘፋኙም ቀጣዩን ስንኝ የሚያስታውስባት ናት። ማሲንቆው ቶሎ ከጀመረ ሳቁን ይቆርጠዋል፤ ዘግይቶ ከጀመረ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ኪቦርድና ከበሮ ባለበት ቤት ከሆነ ለስንኙ ጊዜ ከበሮው ብቻ በቀስታ ይምታ።

መዞሪያው ስንኝ ላይ ቅኝቱን አትቀይሩ። ፍጥነቱን ግን ቀንሱ። «አምጣ፣ አምጣ» ተለያይቶ፣ እንደ ትንፋሽ፣ ደጋኑም ረዘም ባለ ስበት። «ልጅ» ላይ ምቱ ይመለስ።

ከመዝፈናችሁ በፊት

ግጥሙን ለባልየው ሳይሆን ለእሷ ቅርብ ለሆነች ሴት፣ ለእኅቷ ወይም ለእናቷ አንብቡላት። እሷ የሳቀችበት ይቆያል፤ ዝም ያለችበት ይወጣል። ምክንያቱን አትጠይቋት። እኔ ያኔ ይህን አንድ ነገር ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያቺ እናት ጓዳ አትገባም ነበር።

ስለ መልክ፣ ስለ ውፍረት፣ ስለ ወላጆቿ፣ ልጅ ሳይወለድ ስለቆየበት ጊዜ አይዘፈንም። ስም አይጠራም፤ «የኔ ውድ» በቂ ነው።

ዘፋኟ ሴት ከሆነች ደግሞ ጠያቂው ባል ይሁን፤ ለእሱም ስንኝ አይጠፋም።

ጌሾ ሳልወቅጥ ገና ጠላ ቅጂ ይላል፣
ጫጩቷ ሳታድግ ዶሮ ወጥ ያምረዋል።

ሕጉ ያው ነው፤ ለእሱም በመጨረሻ የሚመሰገንበት ስንኝ ይገጠምለት።

ቤት ውስጥ

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። አዝማቹን ሁለት ጊዜ አስይዙ። ዓሣው፣ አዝማች። ሙክቱ፣ አዝማች። ከዚያ ብር ብር እና ስገዛ ሳይቋረጡ በተከታታይ፣ ምክንያቱም አሁን ሰው ሞቆታል። አዝማች። በረዶው። እዚህ ላይ አዝማቹን ዝለሉት፤ ማሲንቆው ብቻ ረዘም አድርጎ ይምታ፣ ቤቱም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይጠብቅ። ከዚያ መዞሪያው። ምግብና ጠላ ከቀረበ በኋላ፣ ቡና ሳይፈላ ያለው ሰዓት የተሻለ ነው፤ የተራበ ሰው ቅኔ አይፈታም።

መሐል ላይ አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ሊላችሁ ይችላል። ይህ የቤቱ መብት ነው፣ ተቀበሉ። ሐረግ በሐረግ ይሰጣችኋል፣ ሐረግ በሐረግ ትደግማላችሁ። የሰጠው ስንኝ እናቲቱን የሚነካ ከሆነ የመጀመሪያውን ሐረግ ተቀብላችሁ ሁለተኛውን በራሳችሁ ሙሉት፤ ወይም ማሲንቆውን ከፍ አድርጋችሁ ወደ አዝማቹ ግቡ። ሰጪው ግንባራችሁ ላይ ብር ቢለጥፍም ይህን አድርጉ።

መዞሪያውን ዘፍናችሁ እልልታው ሲነሣ ወደ አዝማቹ አትመለሱ። ማሲንቆው ዝቅ ብሎ እየመታ ይቆይ፤ ዘፋኙ ወደ እናቲቱ ይጠጋ፣ ዝቅ ብሎም «እሜቴ፣ መልስ ይስጡና» ይበል። ብዙዎቹ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ይስቃሉ፤ ያ ራሱ መልስ ነው። አንዳንዷ ግን ቀና ትላለች። አዘዞ አካባቢ በአንድ ክርስትና ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን ለአማቷ አቀብላ፣ «ተቀበል» አለች፤ ባለማሲንቆውም ሐረግ በሐረግ እየደገመ ተቀበላት፦

አምጣ ያልኩት ሁሉ መሰለህ ወይ ለኔ፣
ልጅህ ነው የላከኝ ከሆዴ ከጎኔ።